ከደሴቱ የመጣው ጠበል

በእኛ ጊዜ ምስጢር የሚቀበረው ከባለቤቱ ጋር ነበር። እኔ ግን ይኸው፣ ማኅበርተኛው ሁሉ ቤቴ በተሰበሰበበት፣ በቁሜ ላወጣው ነው። አትዩኝ ብቻ፤ ስታዩኝ አፍራለሁ።

የዛሬ ስድስት ዓመት በሰመር “አገር ቤት ጠበል ልሄድ ነው” ብዬ ተሰናብቻችሁ የለ? እና አልሄድኩም። ቆይ ጥሩዬ፣ አታቋርጪኝ፤ ካቆምኩ አልቀጥልም።

ታዲያ የምሠራበት ካዚኖ ውስጥ አብራኝ አንሶላ የምታጥፍ ሞራግ የምትባል ሴት ነበረች፣ የስኮትላንድ ደሴት ልጅ። የሥራ ሺፍታችን እስኪያልቅ ስለ አገሯ ነው ወሬዋ። “ዛፍ የለንም፣ ንፋሱ በግ ይጥላል፣ ቋንቋችን ጌሊክ ነው፣ እናቴ እንግሊዝኛ የምትናገረው ስትቆጣ ብቻ ነው” ትለኛለች። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ሃያ ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር “ደሴት ማለት ዙሪያውን በውሃ የተከበበ መሬት ነው” ስል ኖሬ፣ አንድም ደሴት በዓይኔ አላየሁም። “ነይ እንሂድ” ስትለኝ እምቢ አልኩ፣ ሁለተኛ ስትለኝ ዝም አልኩ፣ እና ሦስተኛ ሳትለኝ የአገር ቤት ትኬቴን ወደዚያ ቀየርኩ። ለእናንተ ብነግር “በዚህ ዕድሜዋ ሽርሽር?” ትላላችሁ ብዬ አፈርኩ።

ታዲያ ምን ልበላችሁ፤ ጥቁር ገደል፣ ከሥሩ ባሕሩ እየጮኸ፣ ነጭ ወፍ እንደ ጥጥ ይበተናል። አመሻሹ ላይ ጎረቤት ሳያንኳኳ ይገባና እያንዳንዱ ዘፈን ወይ ተረት ያዋጣል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን አንዱ ይመራል፣ ሌላው እየተቀበለ ያዜማል፣ ልክ እንደኛ። ቃሉ አልገባኝም፣ እንባዬ ግን መጣ። የሞራግ እናት ደግሞ በቃኝ ባልኩ ቁጥር ሳህኔን ትሞላለች። ልጅቷ “እማዬ፣ ጠግባለች እኮ” ስትላት፣ “የጠገበ ሰው እንዲህ ቀስ ብሎ እምቢ አይልም” አለቻት።

ታዲያ መመለሻዬ ሲደርስ እናንተ ትዝ አላችሁኝ። ጠበል ሄድኩ ያለ ሰው ባዶ እጁን ይገባል? አሮጊቷን እናቷን በሞራግ በኩል “ምንጭ አላችሁ?” ብዬ አስጠየቅኋት፤ ወሰደችኝ። ከድንጋይ ሥር ይፈልቃል፣ ድሮ በሽተኛ ይመጣበት ነበር አለች፣ እና ጎንበስ ብላ በጌሊክ ጸለየችበት። ሁለት ጠርሙስ ሞላሁና ሻንጣዬ ውስጥ ከትቼ ከጭነት ጋር ቼክ አደረግሁት።

እና ጥሩዬ፣ አንቺ ጉልበትሽን ያሸሽበት፣ ምርኩዝሽን የጣልሽበት፣ ለሰፈራችን ለስፕሪንግ ቫሊ ሰው ሁሉ “የአልማዝ ጠበል” እያልሽ በስሜ የመሰከርሽለት እሱ ነው። ደረጃ ስትወጪ ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል፣ ወዲያው ደግሞ እሳቀቃለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ። በይ፣ ይቅር በይኝ።

(ወይዘሮ ጥሩወርቅ ጉልበታቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ።)

“አሮጊቷ ጸልያበታለች ነው ያልሽው?”

“አዎ፣ በቋንቋዋ።”

“ታዲያ ምን ያሳቅቅሻል? ጉልበቴ ግዕዝ ብቻ ነው እንዴ የሚሰማው?” ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ እሳቸው ግን አልጨረሱም። “ይልቅ ያ ጠርሙስ አልቋል። በሚቀጥለው ደብቀሽኝ እንዳትሄጂ፤ ገደሉንም ቢሆን እወጣዋለሁ።”