ቦሩ ሜዳ የነፋሁ ለት

ደሴ ውስጥ ባሪቶን ሳክስፎን መለማመድ አይቻልም። የእኔው ደግሞ በዕድሜ የሚበልጠኝ፣ እዚህም እዚያም የተጨረማመተ አሮጌ ነው። ወፍራሙን ድምፅ ሳወጣ የጎረቤት ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል፤ የእኔም ጎድን አብሮ ይርገበገባል። ስለዚህ የሙዚቃ ቡድናችን ኮምቦልቻ ሠርግ ያለበት ሰሞን በሚኒባስ ጭኜው ቦሩ ሜዳ ወጣሁ። አንድ የእርሻ ዳር ይዤ ስነፋ አንዲት እናት ባዶ የወተት ማለቢያ እንደያዙ እየሮጡ መጡ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ አቆምኩ።

«ምነው አቆምከው ልጄ? በአላህ ይዤሃለሁ፣ ድገመው!» አሉኝ። ላማቸው ጥጃዋ ከሞተባት ወዲህ እየተራገጠች አልታለብ ብላለች፤ ግቷ ተወጥሮ ሊታመም ነው። አሁን እኔ ስነፋ ግን ጆሮዋን አቁማ ቀጥ አለችላቸው።

እንኳን ለላም፣ ለሰው መንፋቱም ገና ያስፈራኛል። ቢሆንም «እሺ እናቴ» ብዬ ተከተልኳቸው፤ ላሟ አጠገብ ቆምኩና ያንን ወፍራም ድምፅ ሳልቸኩል በረጅሙ ለቀቅሁት። እሳቸው «አብሽሪ፣ አብሽሪ» እያሏት ያልባሉ፤ ወተቱ ይንፎለፎላል። ትንፋሼ አልቆ ሳቆም ላሟ አንገቷን አዙራ ድምፅ የሚወጣበትን የሳክስፎኑን ሰፊ አፍ ላሰችው። ደጋግማ ላሰችው። የእናትየዋ እጅ ባለበት ቆመ። «ልጇንም እንዲህ ነበር የምትልሰው» አሉ ቀስ ብለው።

ሠርጉ ላይ ድራመራችን በሳክስፎኑ አፍ ላይ የደረቀውን ልሃጭ አየና «አንተ፣ ሳትወለውለው መጣህ እንዴ?» አለኝ።

«ተወልውሏል» አልኩትና መንፋት ጀመርኩ።