«ይቆይ» ማለት «ይቅር» ማለት አይደለም

የልብስ ሰፊዋን እውነተኛ ስም ሰፈሩ ከረሳው ቆይቷል። ሜትር ሳያነሡ፣ ደጃፋቸው ላይ የቆመውን ሰው ገርመም አድርገው የወገቡን ልክ ስለሚናገሩ «እትዬ ልኬ» ይባላሉ። ምላሳቸው ከመቀሳቸው ቢስልም በሆዳቸው ቂም አይቋጥሩም፤ ስለዚህም ያለ ልክ ይወደዳሉ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የአዝራር መሸጫው ሱቅ ውስጥ ጥቁር አዝራር ሲመርጡ፣ «እትዬ፣ እንደምን አደሩ?» የሚል ድምፅ ሰሙ። ዘወር ቢሉ የጎረቤታቸው ልጅ ናት። በሆስፒታሉ የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ሆና ከተቀጠረች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከጋዋኗ ላይ ለወደቀው አዝራር አምሳያ ፍለጋ መጥታ ነበር።

«ደህና ነኝ ልጄ።»

ነርሷ ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሰኞ ጠዋት የምቀበልዎት እኔ ነኝ። አይዞዎት።»

«አልመጣም» አሉ እትዬ ልኬ፣ ዓይናቸውን ከአዝራሩ ሳያነሡ።

ነርሷ ክንዳቸውን ይዛ ከሱቁ ደጅ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው። ነገሩን ታውቃለች። በግራ ጡታቸው ካንሰር ተገኝቷል፤ ሰኞ ጡቱ ሊነሣ ተቀጥሯል። እሳቸውም እሺ ብለው ፈርመው ነበር።

«ምን ተገኘና ነው እትዬ?»

«ምንም አልተገኘ። ተራ ስንጠብቅ አጠገቤ የነበረች አንዲት መምህርት፣ ጡቷን ባነሡላት ዕለት እዚያው አዲስ እንደሚሠሩላት ነገረችኝ። እኔም ገብቼ ‹እንደሷ ይሠራልኝ› አልኩት ሐኪሙን። ‹የእርስዎ ይቆይ› አለኝ። ገባኝ።»

«ምኑ ነው የገባዎት?»

«እንዴ! እኔ እኮ ሠላሳ ዓመት የሰፋሁ ሴት ነኝ። ደንበኛ ብስባሽ ጨርቅ ሲያመጣልኝ፣ እንዳያፍር ብዬ ‹አይረባም› አልለውም፤ ‹እስቲ ይቆይ› ነው የምለው። ይቆይ ማለት ይቅር ማለት ነው! ሐኪሙም በጨዋ አንደበቱ ‹ለማትተርፊው ክር አናባክንም› ማለቱ ነው። ታዲያ ለማልተርፈው ምን አስቆረጠኝ?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ጥርጣሬውን የደበቀም እንዲሁ መልስ አያገኝም። እትዬ ልኬ በሽታቸውን ሳይደብቁ ጥርጣሬያቸውን ደብቀው፣ በአንዲት ቃል ሳቢያ በራሳቸው ላይ ሞት ሊፈርዱ ምንም አልቀራቸውም ነበር።

ነርሷ ሳቋ አመለጣት። «አይቆጡኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያልታጠበ የጥጥ ጨርቅ አምጥቼ ቀሚስ ይስፉልኝ ብልዎት፣ ዛሬውኑ ይቆርጡታል?»

«ምን ሲደረግ! ጥጥ መጀመሪያ ውኃ ይጠጣል፤ የሚኮማተረውን ያህል ይኮማተራል፤ ይደርቃል። መቀስ የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። አለዚያማ ባንድ እጥበት የሰው ቀሚስ የአሻንጉሊት ይሆናል።»

«ፖሊስተሩስ?»

«እሱን ውኃ ምን ያደርገዋል? በመጣበት ቀን ይሰፋል።»

«እንግዲያው መምህርቷ ፖሊስተር ናት፤ እርስዎ ጥጥ ነዎት።»

እትዬ ልኬ ወደ ነርሷ ዞረው ተቀመጡ።

«ለእርስዎ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የጨረር ሕክምና ታዝዞልዎታል» አለች ነርሷ። «ጨረሩ የተረፈ ካንሰር ካለ ያጠፋል፤ ቆዳውንና ሥጋውን ግን ሊያደርቀውና ሊያኮማትረው ይችላል። አዲሱን ጡት ሰኞ ቢሠሩልዎት፣ ጨረሩ ቅርጹን ሊያበላሸው ይችላል። ስለዚህ ጨረሩ ያልቃል፤ ቆዳው ያርፋል፤ ብዙ ጊዜ ስድስት ወርም ዓመትም ይጠበቃል። መምህርቷ ጨረር ስለማያስፈልጋት ባንድ ማደንዘዣ ሁለቱንም ትገላገላለች። የሚቆየው መልሶ መሥራቱ ነው እትዬ። ካንሰሩን ማውጣቱ አንድ ቀን እንኳ አይቆይም።»

«ታዲያ ይኼን ሐኪሙ ለምን አልነገረኝም?»

«መንገር ነበረበት፤ ጥፋቱ የእኛ ነው። እርስዎስ ‹እስከ መቼ?› ብለው ለምን አልጠየቁትም?»

«ሐኪም ይጠየቃል እንዴ?»

«ሰፊ ይጠየቅ የለ! ‹መቼ ይደርስልኛል?› ሳይል የሚወጣ ደንበኛ አለዎት?»

«የለኝም! አናቴ ላይ ነው የሚቆሙት!» አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ወዲያው ግን በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ሞት የተፈረደብኝ መስሎኝ ነበር እኮ ልጄ። ሳምንቱን ሙሉ ደንበኛ ስመልስ ከረምኩ። ፈርቼ ነው።»

ነርሷ እጃቸውን ያዘች። ፍርሃት ሲነገር ግማሹ ይቀላልና፣ እትዬ ልኬ ነጠላቸውን አስተካክለው ሌላ ጥያቄ አመጡ።

«ቢሆንስ፣ በዚህ ዕድሜዬ አዲስ ጡት ብሎ ነገር ምን ያሰኘኛል? ቅብጠት አይሆንብኝም?»

«ግዴታ አይደለም። ሳያሠሩ ደስ ብሏቸው የሚኖሩ ብዙ ናቸው። ማሠራትም ቅብጠት አይደለም፤ ሰው ገላውን እንደ ገላው ሊያየው ቢፈልግ ማን ይፈርድበታል? መቆየቱ ሌላም ጥቅም አለው፤ እስከዚያ ረጋ ብለው ያስቡበታል።»

«ለመሆኑ ከየት አምጥተው ነው የሚሠሩት?»

«አንዳንዴ ከሆድ ላይ ቆዳና ስብ ወስደው።»

«ከሆዴ? ይውሰዱ! ለመምህርቷም ይተርፋታል!»

ባለሱቁ በሩ ላይ ብቅ ብሎ እስኪያያቸው ድረስ ሁለቱም ሳቁ።

«ሰኞ ስንት ሰዓት ነው የምመጣው?»

«አንድ ሰዓት። ምንም ሳይቀምሱ።»

«አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ደጃፉ ላይ ታገኚኛለሽ።»

እንዳሉትም አደረጉ። ካንሰሩ ሳይውል ሳያድር ወጣ፤ ጨረሩም ያለ እንቅፋት ተፈጸመ። ከዓመት በኋላ ሲቀርቡ ሐኪሙን ዝም ብለው አላዳመጡትም። መቼ፣ ከየት፣ ስንት ቀን እተኛለሁ፣ ማሽኔን መቼ እረግጣለሁ እያሉ ላብ እስኪያጠምቀው ጠየቁት። እሱም አንድ በአንድ መለሰላቸው፤ በሽተኛው ሲጠይቅ ሐኪሙም ማስረዳት ይማራልና። አስበውበት፣ ወደውና ፈቅደው፣ ከሆዳቸው ተወስዶ ተሠራላቸው።

ፋሻው የተፈታ ዕለት እትዬ ልኬ መስታወት ፊት ቆመው ስፌቱን በልብስ ሰፊ ዓይን መረመሩት። ግራና ቀኙን አስተያዩ። ፊታቸው በራ።

«ቅር ያለዎት ነገር አለ?» አላቸው ሐኪሙ።

«ኧረ እጅዎ ይባረክ! ችግሩ ከቀሚሶቼ ነው፤ ሁሉም ወገባቸው ሰፋኝ። ያን ሁሉ አጥብቤ እስክጨርስ ዕድሜ ያስፈልገኛል።»

ሐኪሙም እየሳቀ «እሱማ አለዎት» አለ።