ለብዙነህ ያልተተከለው ድንኳን

በዚያ በአብዮቱ ዘመን፣ አንድ የጥር ማታ፣ አቶ ገብረወልድ ከናዝሬት ወደ ወንጂ በሚመለስ ጋሪ ላይ ያንጎላጃሉ። ሊቆረጥ የደረሰው ሸንኮራ አገዳ ቅጠሉ እንዲራገፍ እየተቃጠለ ነበርና ጥቁር አመዱ በቀላው ሰማይ ላይ ሲንሳፈፍ ቆይቶ ጋቢያቸው ላይ ቀስ ብሎ ያርፋል። አየሩ ራሱ ይጣፍጣል። እንዲህ ባለ ማታ ሰው ነቅቶ ይሁን ተኝቶ ለራሱም አይታወቀውም።

ከመንገዱ ዳር አንዲት ወጣት እጇን አነሳች። የስኳር ፋብሪካው ሠራተኞች ካምፕ ድሬሰር፣ መርፌ ወጊና ቁስል አሻጊ፣ ወርቅውሃ ነበረች፤ የአገዳ ቆራጭ ልጅ፣ ናዝሬት የተማረች።

«ጓድ ሐኪም! ነይ ተሳፈሪ፤ በእግርሽ ከሄድሽ በሽተኛሽ ድኖ ይጠብቅሻል» ብለው ቀለዱባት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አባባ። ከሽታዬ ቤት መምጣቴ ነው።»

ሽማግሌው ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁላት። የሽታዬ ባል ብዙነህ፣ ከከምባታ መጥቶ አገዳ ሲቆርጥ የኖረው፣ በዚያው ሰሞን ራሱን አጥፍቶ ነበር። እርሳቸው ደግሞ የእድሩ ዳኛ ናቸው። ራሱን ላጠፋ ሰው ድንኳን አይተከልም፣ ለቤተሰቡም እህል አይሰፈርም ይላል ደንቡ።

«ትልቋን ልጇን ነገ ደላላ ይወስዳታል» አለች ወርቅውሃ። «አዲስ አበባ ሰው ቤት ልትቀጠር። ትንሹም ትምህርቱን ትቶ አገዳ ሊያርም ነው። ላሟ ለቀብሩ ተሸጣለች። አገር ቤት ያሉት የብዙነህ እናትም እሱ በሚልከው ነበር የሚያድሩት።»

«ያሳዝናል። ግን ልጄ፣ ደንቡን በክፋት አላወጣነውም። እንዲህ ያለ ሞት ከተከበረ ሌላውም ይደፍራል ብለን ነው። ፍትሐቱንስ ማን ፈቅዶለት?»

«የፍትሐቱን ነገር ለካህናቱ እንተወው። እህሉ ግን የእኛ ነው። እስቲ ይፍረዱኝ፣ አባባ፤ ብዙነህ ደንቡን አያውቅም ነበር?»

«እንዴታ! ሲነበብ አብሮን ተቀምጧል።»

«ታዲያ መቼ ከለከለው? ታሞ ነበር። እንቅልፍ አጥቶ፣ ከሰው ርቆ ሲከርም ማን ጠየቀው? ወገኑ ሩቅ ነው፤ ጎረቤቱም ደክሞት ነው የሚገባው። ደንቡ እሱን አላዳነውም፤ አሁን ልጆቹን እየቀጣ ነው።»

«እኛ ደግሞ ገዳዮቹ ሆንን?» ብለው ተቆጡ።

«አላልኩም። ‹ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ› የሚሉን እርስዎ ነዎት። ሃምሳውን ሎሚ ለአንዲት ሴት አሸክመን ሄድን ነው የምለው። ነገ ስትወድቅም የሚያነሳት ያው ካምፑ ነው።»

ተማርኩ ባይ ሁሉ እንዲህ ረጋ ብሎ ቢናገር ስንቱ ጠብ በበረደ! ሽማግሌው ግን እጅ አልሰጡም፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

በሸለብታ የእድሩን ድንኳን አዩት። አገዳው መሐል ተተክሎ፣ ካምፑ በሙሉ ውስጡ ተቀምጦ ይበላል። የብዙነህ ልጆች ውጭ ቆመዋል፤ አመዱ ፀጉራቸው ላይ ይዘንባል። በሩን የያዙት እርሳቸው ነበሩ። ትልቋ ልጅ አልለመነቻቸውም፤ ታያቸዋለች ብቻ።

ሲነቁ ጉንጫቸው ርሶ ነበር።

«አዙረው!» አሉ ባለጋሪውን። «ወደ ሽታዬ ቤት! ደላላው ሳይቀድመን።»

ደላላው በማግስቱ ባዶ እጁን ተመለሰ። እሑድ እድርተኛው ተሰብስቦ፣ ብዙ ተጯጩሆ፣ ያንን ደንብ ሰረዘው። ለሽታዬ እህል ተሰፈረላት፤ ልጆቿም ከትምህርታቸው አልተፈናቀሉም። አባታቸውን የሚመልስላቸው ግን የለም። ስለዚህ አቶ ገብረወልድ ሌላ ደንብ አስጨመሩ፤ ከሥራ የቀረ፣ ከሰው የራቀ ሰው ካለ እድሩ ሳይጠራ ቤቱ ይሂድ፤ ሕክምናም ካስፈለገው ሐኪም ቤት ያድርሰው። አንድ ሰው ሲተርፍ የቤቱ እንጀራ አይቋረጥም፣ ሩቅ አገር ያለች እናትም አትራብም፣ መንደሩም የሙት ልጅ አያሳድግም። ከዚህ የሚበልጥ ምን ቁጠባ አለ?

በዚያው ሳምንት ከወርቅውሃ ጋር የገመዳን በር አንኳኩ። ገመዳ ወንደላጤ አገዳ ቆራጭ ነው፤ ከቤቱ ሳይወጣ ሰንብቷል። በሩን ገርበብ አድርጎ የእድሩን ዳኛ ሲያይ ክው አለ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም» አሉ ጫማቸውን አራግፈው እየገቡ። «አንተን ልንጠይቅ ነው የመጣነው።»