ቁጥር የተመታበት ማረሻ

ለደብረ ታቦርና ለአካባቢዋ ሕዝብ በሙሉ በታላቅ አክብሮት ይገለጻል፦ ከሚያዝያ ጀምሮ በአያ ዘውዱ ብረት ቤት የምትገኘው ብቸኛ ሶኬት ከሬዲዮ ወደ ስልክ ቻርጀር ተዛውራለች። ርክክቡ በሰላም አልተፈጸመም።

ይህን ያወቅሁት በአጋጣሚ ነው። በሚያዝያ ወደ ጋፋት ስሄድ በረዶ አባረረኝና እዚያ ቤት ገባሁ። አያ ዘውዱ ማረሻ ሠሪ ሽማግሌ ናቸው። ከወናፉ ማዶ የወንድማቸው ልጅ ካሰች ቆማለች፤ ኩዌት አምስት ዓመት ሠርታ የተመለሰች። በመካከላቸው ለሁለት የተሰበረ ማረሻ ተጋድሟል።

«በዚህ ወር ሦስተኛው ነው» አለች። «አያ፣ የሐሙሲት ገበሬ ምን እንደሚል ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ። ሲፈልጉኝ ‹አያ ዘውዱ›፤ ሲሰበር ‹ያ ጠይብ በዓይኑ በላው›። አባቴን እንዲህ ብለው ነው ከቀዬው ያስወጡት።» መዶሻውን አስቀመጡ። «አራተኛ ከተሰበረ ይህን ቤት ያቃጥሉታል።»

«እንግዲያው እንለካው።» የብረትን ግለት በቁጥር የሚያሳየውን መሣሪያ እንደ ሽጉጥ ደገነች።

«በኮሮና ጊዜ ግንባሬ ላይ የደገኑት ይበቃኛል! አርባ ዓመት በዓይኔ አይቼ ሠርቻለሁ። ቁጥሩን ስልክሽ ውስጥ ከከተትሽው ነገ ማንም ተነሥቶ ይሠራዋል። ያኔ እኔ ምን ልሆን ነው? የወናፍ ዘበኛ?»

«ቅርጹን የሚያወጣው የእርስዎ መዶሻ ነው አያ። እኔ የምለው፣ ማረሻው ሁሉ ቁጥር ይመታበት። በስንት ዲግሪ ግሎ ውሃ ውስጥ እንደገባ፣ ማን እንደገዛው ስልኩ ይያዘው። ገበሬው ቀድሞ በስልክ ይዘዝ። ከተሰበረበት ደውሎ ቁጥሩን ይንገረን፤ እንተካለታለን።»

«በነጻ? የኩዌት ፀሐይ መትታሻለች!»

«ፈርተው ከሚሸሹን ደውለው ቢቆጡን አይሻልም?»

እኔም የተማርሁ ነኝና ስለ ዲጂታል ኢኮኖሚ ሦስት ዓረፍተ ነገር ተናገርሁ። ማንም አልሰማኝም፤ ደግ አደረጉ።

አያ ዘውዱ ለአዲስ ማረሻ የቆረጡትን የመኪና ባሌስትራ ብረት ከፍሙ አወጡ። ፊታቸው ድረስ አስጠግተው አዩትና «ገና አልቀላም» ብለው መለሱት። እኔ ከበሩ ላይ ሆኜ እንደ ፀሐይ ቢጫ ሆኖ ሲያበራ ይታየኛል። ወናፉ እንደገና ነፋ፤ እንደገና አስጠጉት።

«አሁን ደርሷል።»

ካሰች ለካች። እንደገና ለካች።

«ስንት ይላል?»

«ሺህ አርባ። ከስምንት መቶ ብዙ ካለፈ፣ አያ፣ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሲቀዘቅዝ ይሰባበራል።»

በረዶው ቆርቆሮውን ይቀጠቅጣል። አያ ዘውዱ መዳፋቸውን ዓይናቸው ፊት ዘረጉ፤ እያየኋቸው መሆኔ ትዝ ሲላቸው ቶሎ አወረዱት። አገር የሚፈራው ዓይን የብረት መቅላትን መለየት አቅቶታል። ይህ ቢሰማ ማን ማረሻ ያዛል? ካሰችም ገብቷታል፤ አቀርቅራ ፍሙን ቆሰቆሰች።

«ቁጥሩን ምቺበት» አሉ በመጨረሻ። «ስትለኪ ግን ሁልጊዜ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ።»

እነሆ ጥቅሙ፦ እስከ ነሐሴ ስልሳ ሁለት ማረሻ በስልክ ታዘዘ። የተሰበረው አንድ፣ አሥራ ዘጠነኛው ነው። ባለቤቱ ደውሎ ጮኸ፣ ተሳደበ፣ በማግሥቱ ተተካለት። ስለ ዓይን ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም። ቤቱም አልተቃጠለም።

በነሐሴ ተመልሼ ሄድሁ።

«አያ ዘውዱ፣ ያን ቀን ምን አሳመነዎ?»

ወደ ድምፄ ዞሩ፤ ዓይናቸው ግን ፊቴን አላገኘውም።

«አልናገርም።»