ለእትዬ ዘርፉ ላሞች ጠባቂ ሲፈለግ

እንደምን ዋሉ እትዬ ዘርፉ። አይነሡ፣ እኔ እዚሁ ደፉ ላይ እቀመጣለሁ። ዝናቡ ዘንድሮ ደራን የረሳት ይመስላል። አዳማም ያው ናት፤ ባቡሩ ባለፈ ቁጥር አቧራ ነው። ከዘውድ በዓሉ ወዲህ የፈረንጅ መንገደኛውም ቀንሷል። ልጅዎ ሎሚ ግን እንዴት አድጋለች? ቁርጥ አባቷን። የአያ ሰንበታን ነፍስ ይማር።

እኔማ ለእንግሊዙ ነጋዴ ቆዳ ልሰበስብ ወደ ገበያችሁ መጥቼ፣ እግረ መንገዴን ልጠይቅዎ ብዬ ነው። ገበያ ላይ አንድ ነገር ሰማሁ። ሁለቱን ላሞች ለርቢ ሊሰጧቸው ነው አሉ... ነገ ጠዋት ወደ ዝዋይ ይነዳሉ አሉ። ለእኚያ ለዝዋዩ ሰው? ተዉት፣ ስማቸውን አይጥሩት። ደግ ሰው ሲወራለት አይወድም።

ጥሩ ሰው መርጠዋል። ባል የሞተባት ሴት ዘንድ እንደሳቸው ፈጥኖ የሚደርስ ማን አለ? ለቅሶ ቤት ከቄሱ ቀድመው ይገኛሉ። የእኛም ቤት እንዲሁ ነበር። አባቴ የሞተ ሰሞን እናቴን በላይነሽን፣ «ልጅሽ ገና ነው፤ ከብቱን እኔ ልጠብቅልሽ። ወተቱ ለእኔ፣ ጥጃው ለሁለታችን» አሏት። እናቴ ጉልበታቸውን ስማ ሰጠቻቸው።

ደንቡን መቼም ያውቁታል። ለርቢ የተሰጠ ከብት የሞተ እንደሆነ ጠባቂው ቆዳውን ያመጣል፤ ቆዳውን ያየ ባለቤት አይከራከርም። እሳቸው ደንብ አክባሪ ናቸው። አንድም ቆዳ አላስቀሩብንም። እያመጡ እናቴ እግር ሥር አነጠፉላት፤ አብረዋትም አለቀሱ። ቡሬዋ ላማችን ብቻ ስትሞት ቆዳዋ ቀይ ሆኖ መጣ። እናቴ ግራ ገብቷት ብትጠይቃቸው፣ «በሽታው ክፉ ነው፣ ጠጉር ሳይቀር ይቀይራል» አሏት። እኛ ስለ ከብት በሽታ ምን እናውቃለን?

ከብቱ ሲያልቅብን እኔ ቆዳ ተሸካሚ ሆንኩ። አንድ ጊዜ ዝዋይ ድረስ ተልኬ፣ ቡሬዋን ሐይቁ ዳር ውሃ ስትጠጣ አገኘኋት። ስሟን ብጠራት ቀና ብላ አየችኝ። ጥጃም አስከትላለች። ሞቶ መነሣት የጌታ ብቻ ይመስለኝ ነበር... እጃቸው እንዴት ቢባረክ ነው? ለማንም አልተናገርኩም። ምን ብዬ? ቆዳዋ እኮ ቤታችን ነው፤ እናቴ ትተኛበታለች።

ኋላ እንግሊዙ ግቢ ስቀጠር ደጋግሜ አያቸው ጀመር። ሰው ሁሉ ቆዳ ሊሸጥ ይመጣል፤ እሳቸው ብቻ ሊገዙ ይመጣሉ። እንግሊዙም ይወዳቸዋል። «ኪፐር» ይላቸዋል። ምን ማለት ነው ብዬ አስተርጓሚውን መሐመድሰዒድን ጠየቅሁት። በነሱ አገር ስንቱ ሥራ በዚህ ስም ይጠራል መሰለህ አለኝ። በር የሚጠብቅ ኪፐር ነው፤ ሱቅ የያዘም ኪፐር ነው። እስረኛ የሚጠብቅ፣ አውሬ የሚጠብቅ፣ ባሕር ዳር ለመርከብ መብራት የሚያበራም አለ። የሰጡትን ይዞ የሚያስቀር ሰውም ያው ነው አለና ሳቀ። ምን እንዳሳቀው እንጃ። እሳቸው መቼም ሁሉንም ይችሉታል... የመብራቱን አላውቅም።

እኔ ሰው አላማም፤ ያውቁኛል። ሥራዬ ቆዳ ነው። ባለፈው ማክሰኞም መጥተው ነበር። ዱሮ ያገኙትን አንሥተው ይሄዱ ነበር፤ አሁን ዕድሜ ጥንቃቄ አስተማራቸው መሰለኝ፣ ክምሩን እያገላበጡ፣ ወደ ፀሐይ እያወጡ ቀለም መረጡ። አንድ ዳልቻ፣ አንድ ደግሞ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ጥቁር ወሰዱ። እስኪፈለግ እንዳይበላሽ ብለው ጨው አስጨመሩበት። አስተዋይ ናቸው።

እነዚያ ግራሩ ሥር የታሰሩት የእርስዎ ናቸው አይደል? ዳልቻዋ ታምራለች። ጥቁሯም... ለካ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት። ጤነኞች ይመስላሉ። ምን ሆኑ እትዬ ዘርፉ? ውሃ ላምጣልዎ?

እንግዲህ ሳይመሽ ልሂድ። ነገ ሲመጡ የበላይነሽ ልጅ ሰላም ብሎዎታል ይበሉልኝ። ለእናቴ ያደረጉላትን አልረሳሁም። በስተርጅና የወለዷቸው ሁለት ሕፃናት አሏቸው አሉ፣ ይደጉላቸው። ለሳቸውም ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ምናልባት ልጆቹ ሳይደርሱ እግዜር የጠራቸው እንደሆነ ግን... እነዚያን ሕፃናት ልክ እንደሳቸው ያለ ደግ ጠባቂ ላይ ይጣልልን። አሜን ይበሉ እንጂ።