ጋቢ የለበሱት አይጦች

(አዲስ አበባ፣ አንድ የምርምር ተቋም አይጥ ቤት፣ ከምሳ በኋላ፤ ጥናቷን ለመቋጨት አንዲት ፊርማ ብቻ የቀራት ተመራማሪዋ ትርሲት በአንድ እጇ ቅጽና የታሸገ ፖስታ፣ በሌላው የጋሽ አንለይን መጥረጊያ ይዛለች፤ ሃያ ሁለት ዓመት አይጥ ሲቀልቡ የኖሩት ጋሽ አንለይ መጥረጊያውን ሊያስጥሏት ይታገላሉ።)

ጋሽ አንለይ፦ አልፈርምም አልኩሽ እኮ! መጥረጊያዬን ልቀቂልኝ።

ትርሲት፦ አልለቅም። ከጠዋት ጀምሮ ሦስቴ ተመላለስኩ። መጀመሪያ “እጄ እርጥብ ነው”፣ ቀጥሎ “መነጽሬን ረሳሁ”፣ አሁን ደግሞ መጥረጊያ። አንዲት መስመር ናት እኮ ጋሽ አንለይ! “አይጦቹ በመመሪያው መሠረት ተይዘዋል” ነው የምትለው። ከሥሯ ስምዎን መጻፍ ነው፣ በቃ።

ጋሽ አንለይ፦ ሰው እስር ቤት የሚገባውም በአንዲት መስመር ነው።

ትርሲት፦ ማን ያስርዎታል? ለአይጥ?

ጋሽ አንለይ፦ በአይጥ የታሰረ የመጀመሪያው ሰው ልሁን እንዴ በዚህ ዕድሜዬ? የዕድሬ ሰዎች ሊጠይቁኝ ሲመጡ “በምን ገባህ?” ሲሉኝ ምን እላለሁ?

ትርሲት፦ በሞቴ ቀልዱን ይተዉት። ይኼ ፖስታ ይታይዎታል? የትኛው ካርድ የየትኞቹ አይጦች እንደሆነ የተጻፈው እዚህ ውስጥ ነው። ፕሮፌሰሩ ራሳቸው አሽገው “ቀላቢው ሳይፈርም እንዳትከፍቺው” ብለው ሰጡኝ። እርስዎ ካልፈረሙ አይከፈትም፤ ካልተከፈተ ጽሑፌ አይላክም፤ ጽሑፌ ካልተላከ ደግሞ ይኼን ሁሉ ዘመን አይጥ አይጥ ስሸት የኖርኩት በከንቱ ነው።

ጋሽ አንለይ፦ እኔስ ምን ልበል? ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው ካየሁ ሃያ ሁለት ዓመቴ። ለነገሩ ተመችቶኛል፣ እግሬን ዘርግቼ ነው የምሄደው።

ትርሲት፦ የእኔስ ይቅር፤ እትዬ አትጠገብን አያስቡም? ሚስትዎ አይደሉም እንዴ? ሆስፒታሉ ክኒኑን ሊጀምርላቸው ከመዘገባቸው አሥራ ሁለት የኩላሊት ታማሚዎች አንደኛ ናቸው። ጽሑፉ ዛሬ ከተላከ ሰኞ ይጀምራሉ።

ጋሽ አንለይ፦ እሷን እያሰብኩ አይደል እንዴ የማልፈርመው!

ትርሲት፦ እንዴ? ምን ማለት ነው?

ጋሽ አንለይ፦ ቆይ፣ መጀመሪያ ነገሩ በደንብ ገብቶኝ እንደሆነ ልንገርሽ፣ ከሳትኩ አርሚኝ። ያ ፕሮቲን የምትይው ሰውዬ በየሴሉ ውስጥ አለ። ጉበት ሄድሽ አለ፣ ሳንባ ሄድሽ አለ፤ እንደ ቀበሌ ሰብሳቢ የማይገባበት ቤት የለም። ኩላሊት ሲጎዳ ደግሞ እየሮጠ ይመጣና ጠባሳ በጠባሳ ያደርገዋል።

ትርሲት፦ እንደዚያ ነው ብለን ነው የምናስበው፣ አዎ።

ጋሽ አንለይ፦ ስለዚህ ሃያ አይጦች ያለ እሱ እንዲወለዱ አደረጋችሁ። ሌሎቹን ሃያ ከነፕሮቲናቸው ተዋችኋቸው። ከዚያ አርባዎቹንም ኩላሊት የሚያበላሽ መርፌ ጠቀጠቃችኋቸው፣ እግዜር ይይላችሁ። ግማሾቹ ሳጥን ላይ ሰማያዊ ካርድ፣ ግማሾቹ ላይ ነጭ። የትኛው ከየትኛው እንደሆነ ለእኔም ላንቺም አልተነገረንም።

ትርሲት፦ እንዳናዳላ ነዋ።

ጋሽ አንለይ፦ እንዳናዳላ... እሺ። ክኒኑ ደግሞ ያንን ፕሮቲን ሽባ የሚያደርግ ነው። ልክ ነኝ?

ትርሲት፦ ከአንዳንድ አስተማሪዎቼ በተሻለ ገብቶዎታል። እንግዲህ ከሰማያዊዎቹ አሥራ ስምንቱ በሕይወት አሉ፤ ከነጮቹ የተረፉት አምስት ናቸው። ፕሮቲኑ የሌላቸው ሰማያዊዎቹ እንደሆኑ ግልጽ ነው። ፖስታው ለወጉ ያህል ነው።

ጋሽ አንለይ፦ ለወጉ ከሆነ ምን እንዲህ ያስቸኩልሻል?

ትርሲት፦ ምሳ ስላልበላሁ ነው! ይፈርማሉ አይፈርሙም?

ጋሽ አንለይ፦ “በመመሪያው መሠረት” የምትለዋን ብትሰርዢልኝ...

ትርሲት፦ ጋሽ አንለይ። ምን አድርገዋል?

ጋሽ አንለይ፦ ምንም።

ትርሲት፦ ዓይን ዓይኔን እያዩ ይንገሩኝ።

ጋሽ አንለይ፦ ትንሽ ነገር ናት። ነገር አታካብጂ።

ትርሲት፦ ምግብ ቀይረዋል?

ጋሽ አንለይ፦ ምግብማ አልነካሁም። ደግሞ እሱን የመሰለ የአሸዋ ብስኩት የሚቀየር ቢሆን ኖሮ እነሱ ራሳቸው ሰልፍ በወጡ ነበር።

ትርሲት፦ ታዲያ ምንድን ነው?

ጋሽ አንለይ፦ ጋቢ ነው።

ትርሲት፦ የምን ጋቢ?

ጋሽ አንለይ፦ የራሴ ጋቢ። ትልቋ ልጄ ለፋሲካ ያመጣችልኝ። አንድ ክረምት እንኳ በወጉ ሳልለብሰው በመቀስ ቆራርጬ... አለበስኳቸው።

ትርሲት፦ ማንን?

ጋሽ አንለይ፦ እንግዲህ እዚህ ቤት ውስጥ ማን አለ? አይጦቹን!

ትርሲት፦ በስመአብ! ጆሮዬ ነው? ለአይጥ ጋቢ?

ጋሽ አንለይ፦ ሐምሌ ነበር፣ ዶክተርዬ። ማሞቂያው ከሞተ ሁለት ወሩ፤ በሄድኩ ቁጥር “ጥያቄ አቅርበናል፣ ጨረታ ላይ ነው” ይሉኛል። አንቺ ካፖርትሽን ደርበሽ ገባ ብለሽ ትወጫለሽ። እኔ ነኝ አብሬያቸው የምውለው። ጸጉራቸው ቆሞ፣ ሆዳቸው አብጦ፣ እርስ በርስ ተደራርበው ሲንቀጠቀጡ አንጀቴን በሉት። እኔ ደግሞ ሞኝ ነኝ፣ ስም አውጥቼላቸዋለሁ፣ በዕድራችን ሹማምንት። ዳኛው አለ፣ ጸሐፊው አለ። ጡሩምባ ነፊው አንድ ቀን ጠዋት ገና “እንዴት አደርክ?” ስለው ራሱን ቀና ማድረግ አቃተው። ሰው ቢሆን ምን ታደርጊያለሽ? ትጠይቂዋለሽ፣ ጋቢ ትደርቢለታለሽ። እኔም ያንኑ አደረግኩ።

ትርሲት፦ አለቀልኝ! ጋሽ አንለይ፣ ገደሉኝ! ሙቀት እኮ መድኃኒት ነው! የሞቀው አይጥ ከበረደው አይጥ ይልቅ በሽታ ይቋቋማል፤ ይኼን ጀማሪ ተማሪ ያውቀዋል! እኔ “ፕሮቲን ማጣት አዳናቸው” ብዬ ልጽፍ ስል ለካ ያዳናቸው የእርስዎ ጋቢ ነው!

ጋሽ አንለይ፦ አዳናቸው? ማንን አዳነ?

ትርሲት፦ ተዉኝ በቃ፣ አያናግሩኝ።

ጋሽ አንለይ፦ ልጄ፣ የመኖ ጆንያ ላይ ቁጭ ብለሽ አታልቅሺ። አይጦቹ ይደነግጣሉ።

ትርሲት፦ ይደንግጡ! እኔ ደንግጬ የለ?

ጋሽ አንለይ፦ ማንን አዳነ ነው የምልሽ? ጋቢው የነካው ሁሉ አይደል እንዴ ያለቀው! እኔን እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው። ክሩን ሲያኝኩት በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ቀኑ አንድ አስከሬን፤ ጡሩምባ ነፊው ራሱ ሄደ፣ የሚነፋለትም የለ። ጋቢዬ ገደላቸው ብዬ ለንስሐ አባቴ ሁሉ ተናገርኩ።

ትርሲት፦ ምን አሉዎት?

ጋሽ አንለይ፦ “አይጥ መግደል ኃጢአት ነው ብሎ የመጣ ካንተ በቀር አላየሁም” ብለው ሳቁብኝ።

ትርሲት፦ ቆይ። ቆይ፣ ቆይ። ጋቢውን የሰጡት ለየትኞቹ ነው?

ጋሽ አንለይ፦ ለነጭ ካርዶቹ ነዋ! ሰማያዊዎቹማ መሽከርከሪያቸው ላይ ሲፈነጩ ነው የሚውሉት። ለጤነኛ ጋቢ ይደረባል እንዴ?

ትርሲት፦ ለነጮቹ ብቻ? ለሰማያዊዎቹ አንዲት ክር እንኳ?

ጋሽ አንለይ፦ ወንድ ልጄ ይሙት። ጋቢው እኮ አንድ ነው፣ ለአርባ ነፍስ አይበቃም።

ትርሲት፦ መቼ ነው የጀመሩት?

ጋሽ አንለይ፦ አንቺ ደም ቀድተሽ፣ “የነጮቹ ኩላሊት አልቆለታል” እያልሽ በስልክ ስታወሪ በሰማሁ ማግስት። ስድስተኛው ሳምንት ላይ ይመስለኛል።

ትርሲት፦ በማግስቱ! ከደሙ በኋላ! ጋሽ አንለይ፣ ይምጡ ልሳምዎ!

ጋሽ አንለይ፦ አሁን ገደልከኝ ብለሽ አልነበር?

ትርሲት፦ ይስሙኝ። ነጮቹ የታመሙት ጋቢው ከመምጣቱ በፊት ነው፤ ደማቸው ይመሰክራል። የሞቱትን ደግሞ አንድ በአንድ ከፍቼ አይቻቸዋለሁ፣ ሆዳቸው ውስጥ ክር የሚባል ነገር አልነበረም። የገደላቸው ኩላሊታቸው ነው። እንዲያውም ሞቋቸው እንኳ አልዳኑም፤ ሰማያዊዎቹ ደግሞ በዚያ ብርድ ያለ ምንም ነገር ተረፉ! አላበላሹብኝም እኮ፣ አጠናከሩልኝ!

ጋሽ አንለይ፦ እርግጠኛ ነሽ? ልቤን አታውልቂው። የነጮቹ ደም በእጄ አይደለም?

ትርሲት፦ በእጅዎ አይደለም። በማተቤ።

ጋሽ አንለይ፦ እፎይ! ሁለት ወር ሙሉ ምን አስብ እንደነበር ታውቂያለሽ? ነጮቹን የገደለው ጋቢዬ ከሆነ፣ ሰማያዊዎቹን ያተረፋቸው ጋቢ ማጣት እንጂ ፕሮቲን ማጣት አይደለም ማለት ነው። ታዲያ አትጠገብ ያንን ክኒን ምን ተብላ ትውጣለች? ብናገር ክኒኑን አስቀርባታለሁ፣ ብፈርም በሐሰት አስውጣታለሁ። ማታ ማታ እግሯን ሳሽላት፣ እብጠቱ ላይ ጣቴ ሲሰምጥ እያየሁ፣ አፌ ድረስ መጥቶ ይመለሳል።

ትርሲት፦ በሉ እንግዲህ ያደረጉትን ሁሉ ይጻፉት። “ከስድስተኛው ሳምንት ጀምሮ ለነጭ ካርድ አይጦች ቁራጭ ጋቢ ሰጥቻለሁ።” ከዚያ ይፈርሙ።

ጋሽ አንለይ፦ ድርብ ጋቢ ልበል? ለታሪክ እንዳይሳሳት።

ትርሲት፦ ድርብ ይበሉ።

ጋሽ አንለይ፦ “ድርብ... ጋቢ... ሰጥቻለሁ።” ይኸው ስሜ፣ ይኸው ያባቴ፣ ይኸው ፊርማዬ። ሂጂ ክፈቺው አሁን። ቀስ ብለሽ፣ ወረቀቱን እንዳትቀጂው።

ትርሲት፦ ምን ቢያሽጉት ነው እንዲህ! ...ከፈትኩት።

ጋሽ አንለይ፦ እሺ? ሰማያዊ ነው አይደል?

ትርሲት፦ ቆይ፣ እንደገና ላንብበው።

ጋሽ አንለይ፦ ምን ደጋግመሽ ታነቢያለሽ? ምሳ አልበላሁም እንዳትዪኝ።

ትርሲት፦ ነጭ ይላል።

ጋሽ አንለይ፦ ምን ነጭ?

ትርሲት፦ ያለ ፕሮቲን የተወለዱት ነጮቹ ናቸው።

ጋሽ አንለይ፦ የሞቱት?

ትርሲት፦ የሞቱት።

ጋሽ አንለይ፦ ገልብጠሽ አይተሽዋል? ከጀርባው ሌላ ነገር ቢኖር?

ትርሲት፦ ሦስቴ አነበብኩት። ፕሮቲኑ ያላቸው ናቸው የተረፉት። ኩላሊቱን የሚያበላሸው እሱ አልነበረም፤ እየሮጠ የሚመጣው ሊጠግነው ኖሯል።

ጋሽ አንለይ፦ እና ክኒኑ እሱን ነው ሽባ የሚያደርገው።

ትርሲት፦ አዎ።

ጋሽ አንለይ፦ ሰኞ። ለአትጠገብ።

ትርሲት፦ አይ፣ ሰኞማ አይሰጥም! እንዲያ አይበሉ። ...ጋሽ አንለይ፣ አንድ ነገር ልበልዎት፣ እንዳይቆጡኝ።

ጋሽ አንለይ፦ ተናገሪ።

ትርሲት፦ ቅጹ ላይ ስለ ጋቢው ጽፈውበታል። “ቀላቢው በስህተት ጋቢ ሰጥቶ ጥናቱ ተበላሸ” ብንል ማንም ያምነናል። አይጦቹ ይወገዳሉ፣ በሌሎች አርባ እንደገና እንጀምራለን። የክኒኑ ሙከራም ሁለት ሦስት ወር ቢዘገይ ነው፣ አይሰረዝም። ይኼን እንዳለ ከነገርናቸው ግን ክኒኑም ቀረ፣ እኔም ቀረሁ። ፕሮፌሰሩ ስማቸውን ያስጠሩት በዚህ ነው፣ ዓይኔን ማየት አይፈልጉም።

ጋሽ አንለይ፦ ጋቢው ገደላቸው ልትዪ ነው?

ትርሲት፦ ሊሆን ይችል ነበር እላለሁ እንጂ...

ጋሽ አንለይ፦ ሆዳቸውን ከፍቼ አይቻለሁ፣ ክር የለም ያልሽው ማን ነሽ? ከጋቢው በፊት ታመዋል ብለሽ በማተብሽ የማልሽልኝስ? ገና ቀለሙ አልደረቀም እኮ፣ ሴትዮ! አሁን ያወረድሽልኝን ሸክም መልሰሽ ልታሸክሚኝ ነው?

ትርሲት፦ በእርስዎ ላይ ምንም አይደርስም፣ እኔ እከላከልልዎታለሁ!

ጋሽ አንለይ፦ ስለ እኔ ማን አወራ! አሥራ አንዱስ? የሌሎቹ አሥራ አንድ ሰዎች ባል ወይም ሚስት አይጥ ቤት አይሠራም። ሁለት ወር ዘግይተው የሚውጡትን ማን ነው የሚነግራቸው?

ትርሲት፦ እንደገና ስንሠራው ይታያል እኮ...

ጋሽ አንለይ፦ ታየ! ከዚህ በላይ እንዴት ይታይ? አሥራ አምስት ሬሳ በእጄ አውጥቻለሁ!

ትርሲት፦ አይጩሁብኝ! የእኔም ሕይወት ነው! አራት ዓመት፣ ጋሽ አንለይ፤ አራት ዓመት ሙሉ!

ጋሽ አንለይ፦ እኔና አትጠገብ ሠላሳ ስምንት። ስልኩን አንሺና ለሆስፒታሉ ደውዪ።