ጥርት ያለው የጥቆማ ሣጥን

ነይ እስቲ፣ ካርቶኑን እኔ ልያዝልሽ፤ አንቺ ዕቃሽን ክተቺ። ቀስ በይ የኔ እህት፣ ማን ያባርረናል… ማለቴ፣ ማን ያስቸኩለናል። ዛሬ አየሩ እንዴት ደስ ይላል። ድሮ እዚህ መረጃ ዴስክ ላይ ተቀምጬ ፀሐይ የሚባል ነገር አይደርሰኝም ነበር፤ የአለቃችን ክፍል መስታወት ከሆነ ወዲህ ግን በእሳቸው መስኮት ገብታ እኔ ድረስ ትመጣለች። ግንባሬ ጠቁሮ አይታይሽም? የልጆችሽ ጉንፋንስ ተሻላቸው? ትንሹ አሁንም ያስለዋል? ማር በሞቀ ውኃ ስጪው፣ መድኃኒት ቤት አትሩጪ።

ያቺን አበባ እንዳትረሻት። ሥሯን በጋዜጣ ጠቅልያት፣ መንገዱ ረጅም ነው። አውቶቡስ መቀየር አለበት አሉ አይደል? የቆሻሻ መኪና የሚመዘንበት ቦታ… ሚዛን ቤት። ስሙ ደስ ባይልም አየር እንኳን በሽ በሽ ነው ብለውኛል። የምን አየር እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ምን ዓይንሽን ታጉረጠርጪብኛለሽ? ድምፅሽን ቀንሺ ማለትሽ ነው? መስታወቱን የገጠመው ሰው ሲለካ ስለተሳሳተ ከኮርኒሱ በክንድ ያህል አጥሯል፤ እዚህ የተወራው እዚያ፣ እዚያ የተወራው እዚህ ይሰማል። ይሰማ እንጂ፣ እኛ ምን የምንደብቀው ነገር አለን? ደግሞ እኔ ላወራሽ ያሰብኩት ስለ ሌላ ሰው ነው።

አንድ የማውቀው ሰው አለ። ስሙን አልጠራም፤ ሐሜት እንደማልወድ ታውቂያለሽ። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ማዘጋጃ ቤት፣ የግንባታ ፈቃድ ክፍል ኃላፊ ነው እንበል። ነገሩ ከኛው ጋር ቢመሳሰልብሽ አጋጣሚ ነው፤ ማዘጋጃ ቤት የሆነ ሁሉ ይመሳሰላል።

ይሄ ሰውዬ የሥነ ምግባርና የግልጽነት ሥልጠና ሄደ። ሌላው ሰው ሥልጠና ሄዶ ቦርሳና እስክሪብቶ ይዞ ይመለሳል፤ እሱ ግን የምር ተለውጦ መጣ። ሳይውል ሳያድር የቢሮውን ግድግዳ አስፈርሶ መስታወት አስገጠመ። ባለጉዳይ ሁሉ ኃላፊው ምን እንደሚሠራ ቁጭ ብሎ ያያል። ሲያዛጋ ማየት ነው፣ ስልኩን ሲነካካ ማየት ነው፣ ወንበሩ ላይ ሲሽከረከር ማየት ነው… ከዚህ በላይ ግልጽነት ከየት ይመጣል? እጅ መታጠቢያው ላይ ደግሞ «ንጹሕ እጅ፣ ንጹሕ አገልግሎት» የሚል ትልቅ ጽሑፍ አስለጠፈ። ውኃው ከዚያ ወዲህ ጠፋ፤ ያ እንግዲህ የቧንቧው ሥነ ምግባር ነው፣ እሱ ምን ያድርግ?

ቀጥሎ ፀሐይ አስቸገረችው። ከየአቅጣጫው መስታወት ሲሆን ትበረታለቻ። መጋረጃ አሰቀለ፤ ሰው ነው፣ ዓይኑ አይደለም እንዴ? ብቻ ያቺ ፀሐይ ጠባይዋ ግራ ነው የሚገባኝ። ተራው ባለጉዳይ ሲገባ ረጋ ትላለች። ትልልቅ ሕንፃ የሚያሠራ ሰው ሲመጣ ትበረታለች። የሚስቱ ወንድም የመጣ ቀንማ ደመና ይሁን ዝናብ ይሁን ሰውዬውን ልታቃጥለው ትደርሳለች፤ መጋረጃው እስከ ታች ወርዶ ነው የሚያወሩት። እንዲህ ዓይነት ፀሐይ አይተሽ ታውቂያለሽ?

ቴፑን አቀብይኝ። የካርቶኑ ታች ላልቷል፣ መንገድ ላይ ተዘርግፎ እንዳያስቅብሽ።

የሰውዬው ጉብዝና ግን የታየው በሣጥኑ ነው። ሠራተኛውን ሰብስቦ «ብልሹ አሠራር ያየ ሰው ስሙን ሳይጽፍ ጥቆማ ሣጥን ውስጥ ይክተት፤ ማን እንደጻፈው ማንም አያውቅም» አለ። እንዴት ያለ አነጋገር መሰለሽ፣ ሰው እንባው ነው የመጣው። አናጢው ሣጥኑን ከእንጨት ሊሠራ ሲነሣ ግን ተቆጣ። የግልጽነት ሣጥን ውስጡ የማይታይ ይሆናል እንዴ? መስታወት ይሁን አለ። ከቢሮው የተረፈ መስታወት ነበርና በዚያው ተሠራ። ጥርት ያለ፣ እንደ ዓሣ ማርቢያ። ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሡ፤ ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ እንኳ «ጌታዬ፣ ወረቀቱ ከውጭ ይነበባል እኮ» አላለውም። የተማረ ሰው ነው የበዛው። ሣጥኑን የት ያስቀመጠው ይመስልሻል? ከገዛ ራሱ በር አጠገብ፣ ሲገባም ሲወጣም ዓይኑ እንዲያርፍበት። ለጥቆማ እንዲህ ክብር የሚሰጥ ኃላፊ አለ?

ብዙ ጊዜ ሣጥኑ ባዶውን ቆመ። የማስቲካ ወረቀት የከተተ ባለጉዳይ ነበር፤ አንዷ ደግሞ ወድቆ ያገኘችውን ቁልፍ ባለቤቱ እንዲያየው ብላ ከተተችበት፣ እውነትም ባለቤቱ አየው። ኃላፊው ይሄን አይቶ «ክፍላችን ብልሹ አሠራር ስለሌለበት ጥቆማ አልቀረበም» ብሎ ለበላይ አሳወቀ። ተሸለመም። ይገባዋል፣ እኔ ምቀኛ አይደለሁም።

ታዲያ ነገሩ በዚሁ አምሮበት እያለ አንዲት ሞኝ ተገኘች። ሞኝ ስል በፍቅር ነው። የሕንፃ ተቆጣጣሪ ናት፣ ልክ እንዳንቺ። የልጆች እናት ናት፣ ልክ እንዳንቺ። ሜትሯን ይዛ ሄዳ ለሦስት ፎቅ የተፈቀደ ሕንፃ አምስተኛው ላይ ደርሶ አገኘችው። ምሰሶው ለሦስት የታሰበ፣ ከአጥሩ ሥር ደግሞ ሕፃናት የሚጫወቱበት መዋያ። የማን ሕንፃ እንደሆነ ልንገርሽ? አልነግርሽም። ፀሐይዋን ጠይቂያት።

መጀመሪያ ለኃላፊዋ በቃል ነገረችው። «አየዋለሁ» አላት። አየው መሰለኝ፣ ስድስተኛው ፎቅ ተጀመረ። ያኔ ነው ወረቀቷን ሣጥኑ ውስጥ የከተተችው። ስም አልጻፈችም፣ በተባለው መሠረት። ችግሩ ግን የመሥሪያ ቤቱን ማስታወቂያ ሁሉ የምትጽፈው እሷ ናት፤ እጇ ሲያምር ለጉድ ነው፣ ደጁን የረገጠ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ወረቀቱ ደግሞ ሲወድቅ እጥፋቱ ተፈታና ፊቱን ወደ ኃላፊው በር መለሰ። ጠዋት ባለጉዳዩ ተሰልፎ እያነበበ «ወይ የዚህች ልጅ እጅ!» ይላል። እንዲህ ያለ ግልጽነት…

አሁን የሰውዬውን ደግነት ስሚ። ሌላ ቢሆን ይጮሃል፣ ያስፈራራል። እሱ ግን ጠርቶ ሻይ ጋበዛት። «አንቺን የመሰለች ንጹሕ ሰው እዚህ መባከን የለባትም፤ ቆሻሻ በበዛበት ቦታ ነው የምትፈለጊው» አላት። ቃሉንም ጠበቀ። በማግሥቱ ሚዛን ቤት ተመደበች። ዕድገት ነው አላት። እጇንም ጨበጣት።

ውይ፣ አታልቅሺ እንጂ… ካርቶኑን ታረጥቢዋለሽ። ነይ ወዲህ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም አንጀቴ አርሯል። እየሳቅሁ የማወራው እንዳልጮህ ነው። ልጆቹን ከትምህርት ቤት ማን እንደሚያመጣልሽ ሳስብ ይብስብኛል። ያ ሕንፃ ሥር የሚጫወቱትንም ልጆች ሳስብ እንደዚያው። ከዛሬ ጀምሮ ልጆችሽን እኔ አመጣቸዋለሁ፤ እስክትደርሺ ድረስ እዚሁ ዴስኬ አጠገብ ይቀመጣሉ፣ መስታወቱ ፊት ለፊት። አለቃችን ሕፃን ይወዳሉ። እናታችን የት ሄደች ብለው ቢጠይቋቸው አስረድተው አይጠግቡም።

ኧረ፣ መጋረጃው ወረደ። ምነው፣ ፀሐይዋ ወዲያ ዞራ የለም እንዴ? ይሁን፣ ካልተያየን ጮክ ብዬ ላውራ፣ ይሻላል።

ከሰዓት እንግዶች እንደሚመጡ ሰምተሻል አይደል? ከበላይ መሥሪያ ቤት። ሣጥናችንን አይተው በየከተማው ሊያስቀምጡ ነው አሉ። አንቺን ከምሳ በፊት ውጪ ያሉሽ ለዚያ እንዳይመስልሽ፤ አውቶቡስ እንዳይጨናነቅብሽ አስበውልሽ ነው። እንግዶቹን ተቀብሎ የሚያስጎበኛቸው ማን ይመስልሻል? እኔ ነኝ። አለቃችን ራሳቸው ናቸው የመረጡኝ፤ አፍሽ ማር ነው ብለው። እስካሁን ስንት ጥቆማ መጣ ብለው ቢጠይቁኝ አንድ እላለሁ። ምን ተደረገበት ካሉኝ… እኔ መረጃ ዴስክ ነኝ እኮ፣ መረጃ ስጠየቅ እሰጣለሁ እንጂ ሌላ ምን ሥራ አለኝ? ጠቋሚዋን እናግኛት ካሉ ሚዛን ቤት የሚሄደውን አውቶቡስ አሳያቸዋለሁ። ሕንፃውም ሩቅ አይደለም፣ በዚህ መስኮት ይታያል፤ ጣት መቀሰር ብቻ ነው። እኔ ለጡረታ የቀረኝ ጥቂት ነው። ሚዛን ቤት ቢመድቡኝም ካንቺ ጋር ሻይ እንጠጣለን፣ ምን ቀረብኝ?

ውይ፣ ጌታዬ፣ ደህና አደሩ? መጋረጃው ሲወርድ የሌሉ መስሎን ነው እኮ። ኧረ በፍጹም፣ ስለ እርስዎ አይደለም። አንድ የማያውቁት ሰው ነው፣ የሌላ ከተማ ሰው። ምነው፣ ላብ ላብ አለዎት? መስታወቱ ያሞቃል አይደል? ነገሩስ ይቆይ፣ እንኳን ደስ አለዎት ጌታዬ፤ ልጅዎ ተመርቃ ሥራ ልትጀምር ነው አሉ። ማዘጋጃ ቤት፣ በሕንፃ ተቆጣጣሪነት? እንዴት ደስ ይላል። ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ እዚህ ስትመጣ ያየችውን ሳትናገር አትወጣም ነበር። እንደ ታላቅ እህት እንድትሆናት ከዚህችኛዋ ጋር ባስተዋወቅናት ጥሩ ነበር፣ ግን እሷ ልትሄድ ነው።

የሚገርምዎት ያ የማወራላት ሰውዬም ሴት ልጅ አለችው። ልንመርቅለት ስንል ነው እርስዎ የደረሱት። ይቁሙ እንግዲህ፣ ሦስት ስንሆን ምርቃቱ ይደምቃል። እኔ ልመርቅ፣ እናንተ አሜን በሉ።

ፈጣሪ ልጁን በጤና ያቆይለት… እንዲህ ነው፣ ድምፅዎ ሲያምር። እጇን ይባርክላት… ጎሽ። ዓይኗን ያብራላት፣ ያየችውን ከመናገር አያስፈራት… ጮክ ይበሉ እንጂ ጌታዬ፣ ምርቃት እኮ ነው። በሄደችበት መንገድ፣ በገባችበት መሥሪያ ቤት ሁሉ፣ ልክ እንደ አባቷ ያለ አለቃ ይስጣት።